የሚንጠባጠበውን የቦይለር ቫልቭ አትድፈኑት

አዲስ ቦይለር ከተገጠመ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ መግቢያው ላይ ያለው የደኅንነት ቫልቭ ሲንጠባጠብ «ብልሽት ነው፤ ድፈኑት» የሚል ምክር ተደጋግሞ አየሁ። በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ መጠኑ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ቫልቩም ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ያንን ትርፍ በጠብታ እያወጣ ነው። ከተደፈነ፣ በተለይ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም ከተበላሸ፣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ለማጣራት ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ጠብታው ከቆመ ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው። ውሃው ቀዝቅዞም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን የመስመሩ ግፊት በዝቶ ወይም ቫልቩ ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል የቧንቧ ሠራተኛ ይየው። የደፈናችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ኤሌክትሪኩን አጥፉና ውሃው ሲቀዘቅዝ ባለሙያ ይክፈትላችሁ።