ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም

በሰሜን ዋልታ አካባቢ በአርክቲክ ባሕር ስለሚኖረው ነጭ ዓሣ ነባሪ፣ ስለ ቤሉጋ፣ ባነበብኩት ጽሑፍ ውስጥ እንስሳው «ነጭ ዓሣ» መባሉ ሊታረም ይገባል፤ ይሁንና «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስያሜያችን ራሱ የሚያሳስት በመሆኑ ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ቤሉጋ በሳንባው የሚተነፍስና ግልገሉን የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከልም ለዓሣ ነባሪዎች የቅርብ ዘመዳቸው ጣና ላይ የምናየው ጉማሬ ነው።

ጽሑፉ ቤሉጋ የጀርባ ክንፍ እንደሌለው ጠቅሶ ምክንያቱን ዘሎታል፤ በአርክቲክ በረዶ ሥር እየዋኘ መተንፈሻ ክፍተት ለሚፈልግ እንስሳ እንዲህ ያለ ጀርባ እንደሚመቸው ይታመናል። ከብዙዎቹ ዓሣ ነባሪዎች በተለየ የአንገቱ አጥንቶች እርስ በርስ ስላልተጣበቁ ራሱን ወደ ጎን ማዞር ይችላል። ግልገሉ ግራጫ ሆኖ ይወለድና ከዓመታት በኋላ ይነጣል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ድምፁ ነው። ኖክ የተባለና በአሜሪካ ይጠበቅ የነበረ ቤሉጋ የሰው ንግግር የሚመስል ድምፅ ያሰማ እንደነበር ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙ ሲሆን፣ አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ድምፁን ሰምቶ ከውኃው በመውጣት «ውጣ ያለኝ ማን ነው?» ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር።