ገዳይ ሳይሆን በር ከፋች

«የባሕር አረም መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ገደለ» የሚል ርዕስ በየጊዜው ይወጣል። ደስ ይላል። ዝርዝሩን ስታነቡት ግን ግድያው የተፈጸመው ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድላል። በረኪናን እንዳለ ቁስል ላይ የሚያፈስ ግን የለም።

በነገራችን ላይ፣ ባክቴሪያዎቹ ሳህኑ ላይ የሚያድጉበት አጋር የተባለው ጄሊ ራሱ ከቀይ የባሕር አረም የሚሠራ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1881 ያመጣችው ባሏን በባክቴሪያ ምርምር ታግዝ የነበረችው ፋኒ ሄሰ ናት፤ ከወጥ ቤቷ። አረሙ ለባክቴሪያ ምንጣፍም ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ወደ ቁስሉ እንመለስ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ለወራት አልድን ያለ ቁስል አስቡ። ባክቴሪያዎቹ እዚያ የተቀመጡት በተናጠል አይደለም። ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ሠርተው ተጠልለውበታል፤ ባዮፊልም ይሉታል። ለብቻው ቢገኝ አንቲባዮቲክ የሚጨርሰው ባክቴሪያ እንኳ እዚያ ውስጥ ይተርፋል። በዘረመሉም መድኃኒቱን የለመደ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው።

የባሕር አረም ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። አውስትራሊያ፣ ሲድኒ አካባቢ ባሕር ውስጥ ዴሊሲያ ፑልክራ የምትባል ቀይ አረም አለች። ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ቆይቶ በዝልግልግ ነገር ይሸፈናል፤ የእሷ ገላ ግን ንጹሕ ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ስታፋን ሼሌበርይና ፒተር ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ምስጢሩን ተከታተሉ። ፉራኖን የሚባሉ ኬሚካሎች ታመነጫለች። ባክቴሪያዎች አንድ ላይ ከመዝመታቸው በፊት በኬሚካል ምልክት ይነጋገራሉ። ፉራኖኑ የምልክቱን ቦታ ይይዝባቸዋል። ሳትገድላቸው ወሬያቸውን ቆረጠችው! እንዲህ ዓይነት ዘዴ ባክቴሪያን መድኃኒት እንዲለምድ የሚገፋበት ጫና ያነሰ ይሆናል ተብሎም ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። ጣጣው፣ ፉራኖኖቹ የሰውንም ሴል ይመርዛሉ። ስለዚህ እስካሁን ፋርማሲ አልገቡም።

ሌላው አልጂኔት ነው፤ ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ። የኖርዌይና የዌልሷ ከተማ የካርዲፍ ተመራማሪዎች አልጂኔትን አሳጥረው ቆራርጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ብዙ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ላይ አንቲባዮቲክን እንደሚያበረታ አሳዩ። ይኼም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በኋላ ይኸው ነገር በትንፋሽ የሚሳብ ሆኖ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ፣ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋ የዘር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የሳንባቸውን አቅም አላሻሻለም። ይህንን በትልቁ የጻፈ ርዕስ ግን አላየሁም።

ከአልጂኔት የተሠራ የቁስል መሸፈኛማ ሆስፒታሎች ውስጥ ከቆየ ሰንብቷል። በውስጡ ያለው ካልሲየም ከቁስሉ ፈሳሽ ሶዲየም ጋር ይለዋወጥና ወደ ጄል ይቀየራል፤ ፈሳሹንም ይመጥጣል። ጥሩ ዕቃ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ማስረጃውን ሲመረምሩ ግን የስኳር ሕመምተኞችን የእግር ቁስል ከሌላው መሸፈኛ በፍጥነት እንደሚያድን የሚያሳይ ነገር አላገኙም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ የለመደ ሰው፣ ነገ የባሕር አረም ዱቄት በኢንተርኔት ገዝቶ ያንኑ ቢያደርግ አይገርመኝም። ጥሬ አረም ደግሞ እንደ ወቅቱና እንደ ባሕሩ ይለያያል፤ ቡናማው አርሰኒክ ያጠራቅማል፤ የራሱንም ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። ለተከፈተ ቁስል ይህ ቀልድ አይደለም።

እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን የማፈስሰው ለአሥረኛው «ገዳይ» ጭማቂ አይደለም። የባክቴሪያዎቹን ሽፋን ለሚያላላውና ያለንን አንቲባዮቲክ ለሚያስገባው ነው። የሚቀጥለው ርዕስ ሲወጣም የምጠይቀው ስንት ባክቴሪያ ሞተ ብዬ አይደለም። ከመድኃኒቱ ጋር ተደርጎ፣ የሰው ቁስል ላይ ተሞክሯል ወይ?