ማስተካከያ፦ ጂአይ ቢልና የሕክምና ትምህርት ክፍያ

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ላላችሁ የቀድሞ ወታደሮች «ጂአይ ቢል (ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው የትምህርት ድጎማ) የየትኛውንም የሕክምና ትምህርት ቤት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደንብ እንደሚለው፣ ሙሉ መብት ላለው ሰው ድጎማው የሚሸፍነው በመንግሥት ትምህርት ቤት የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ነው። ለግል ትምህርት ቤት ግን ዓመታዊ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው የሚያልፈውን ክፍያ ትምህርት ቤቱና መሥሪያ ቤቱ የሚካፈሉበት የሎው ሪበን የተባለ ፕሮግራም ሊያግዝ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ካለ።

ድጎማው ለስንት ወር እንደሚሰጥም አልጠቀስኩም። ድጎማው ብዙውን ጊዜ 36 ወር ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የተጠቀማችሁበት ከዚሁ ይቀነሳል። ሆስፒታል የሚዋልባቸው የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ ረጅም እረፍት ስለሌላቸው ወሩን ቶሎ ይበሉታል።

ጽሑፌን አምናችሁ የግል ትምህርት ቤት የመረጣችሁ፣ ቦታ ማስያዣ ከመክፈላችሁ በፊት የቀራችሁን ወርና ቀን የሚያሳየውን ደብዳቤ ይዛችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።