ፈረስ በሬ አይደለም፤ ‹‹ለጥንቃቄ›› ብላችሁ አትውጉት

ሰሞኑን አንድ የእንስሳት መድኃኒት ነጋዴ በሬዲዮ ቀርበው ምክር ሲሰጡ ሰማሁ። ለአድዋ በዓል ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚመጡ ፈረሶች ከመጫናቸው በፊት ‹‹ለጥንቃቄ›› ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ አንድ መርፌ ቢወጉ መልካም ነው አሉ። አዘጋጇ ሆዳቸውን አይጎዳም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሰውየው ግን ሆድ የሚነካው በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ መርፌ ከሆድ ጋር አይገናኝም አሉ። ደግሞስ በሬና ላም በዚሁ እየዳኑ ፈረስ ምን የተለየ አለው ብለው ጨመሩበት። አዘጋጇ አመስግና ወደ ሙዚቃ ገባች። ስንቱ ባለፈረስ ይህን አምኖ መርፌ ገዝቶ ይሆን?

ይህ ምክር ፈረስ ይገድላል። በለዘብታ የምናገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመርፌው ልጀምር። ኦክሲቴትራሳይክሊን ጡንቻ ላይ ቢወጋም ደም ሥር ላይ ቢወጋም መጨረሻው ደም ውስጥ ነው። ደም ጉበት ይደርሳል። ጉበት ከመድኃኒቱ ከፊሉን ከሐሞት ጋር አድርጎ ወደ አንጀት ይለቀዋል። ፈረስ ደግሞ የሐሞት ከረጢት የለውም። ሐሞቱ የሚጠራቀምበት ቦታ ስለሌለ ቀንና ሌሊት ወደ አንጀት ይፈሳል። እንግዲህ መርፌው ከሆድ ጋር የማይገናኘው በየት በኩል ነው? ጉዳዩ የኦክሲቴትራሳይክሊን ብቻም አይደለም። ሴፍቲዮፉር የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ጡንቻ ላይ ብቻ ተወግቶ፣ ሣር የሚያፈርሱት የአንጀት ባክቴሪያዎች ክፉኛ ሲመናመኑ በጥናት ታይቷል።

አሁን ወደ በሬው። እኔን በጣም ያናደደኝ ይኼኛው ነው። በሬ ሣሩን የሚያብላላው ከፊት ነው። ጨጓራው ውስጥ ይብላላል፣ ያመሰኳል፣ ከዚያ ወደ ትንሹ አንጀት ያልፋል። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ለቁመናው በጣም ትንሽ ናት። ድርቆሹና ጭዱ ሳይፈርስ ትንሹን አንጀት አልፎ ከኋላ ይደርሳል። እዚያ ሲከም የሚባል ትልቅ ከረጢት አለ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ 30 ሊትር ያህል ይይዛል። ከሱ ቀጥሎ ከሱም የሚበልጠው ትልቁ አንጀት አለ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ፈረሱ አይደለም፣ ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ፈረስ ጭድ የሚያፈርስበት የራሱ ኢንዛይም የለውም። እነሱ ጭዱን ሲያብላሉ የሚወጡትን አሲዶች ነው አንጀቱ እየመጠጠ ጉልበት የሚያደርጋቸው። ድርቆሽና ጭድ የሚበላ ፈረስ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ የሚያገኘው ከዚህ ነው። እዚያ ላይ አንቲባዮቲክ መልቀቅ ቡሆቃ ውስጥ በረኪና ጨምሮ እንጀራ እንደመጠበቅ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ሌላም ሥራ አላቸው። ቦታውን ይዘው ጠላት አያስገቡም። እነሱ ሲያልቁ ጎጂዎቹ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፦ ሳልሞኔላ ይነሣል፣ ክሎስትሪዲየም ይራባል፣ መርዙን ይረጫል። የአንጀቱ ግድግዳ ይቆጣል፣ ውሃ መምጠጡን ትቶ ውሃ ማፍሰስ ይጀምራል። በማለዳ ፋንድያው ላላ ያለ ፈረስ በማግሥቱ ጭራውና የኋላ እግሩ በውሃ የራሰ፣ ጆሮው የወደቀ፣ ድዱ የጠቆረ ሆኖ ይገኛል። ሒሳቡን እንሥራው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከክብደቱ አሥር በመቶውን በተቅማጥ ካጣ 25 ሊትር ፈሳሽ ጎሎበታል። በደም ሥር የሚሰጥ ባለአንድ ሊትር ፈሳሽ 25 ከረጢት ማለት ነው፣ ያውም የጎደለውን ለመተካት ብቻ። ለጋሪ ፈረስ ማን ነው ይህን የሚያወጣው? ከተረፈም መዘዙ ወደ ሰኮናው ሊወርድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሰኮናው ውስጡ ይቆጣና መቆም ያቅተዋል። መቆም ያቃተው የጋሪ ፈረስ ዕጣው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

‹‹ለሌላው እንስሳ ከበጀ ለፈረስም ይበጃል›› የሚለው አስተሳሰብ ስንት ፈረስ ጨርሷል። ሊንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለዶሮና ለአሳማ ይሰጣል። ጥቂቱ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ የደረሳቸው ፈረሶች በተቅማጥ አልቀዋል። ሞኔንሲን የሚባለው መድኃኒት በከብትና በዶሮ መኖ ውስጥ ይገባል። ፈረስ ከበላው ልቡን ያፈርሰዋል። ፈረስ ምን የተለየ አለው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱን ሳያውቁ መድኃኒት መሸጥ ግን ነውር ነው።

እርግጥ ነው፣ ምስማር ወግቶት እግሩ ላመረቀዘ ፈረስ ፔኒሲሊን ሕይወት ነው። አደጋው እያለም ይሰጣል፣ ሐኪም አይቶ፣ መጠኑን ለክቶ፣ ቀኑን ወስኖ። የምቃወመው ምንም ያልታመመውን መውጋት ነው። የታመመውም ቢሆን በሽታው ምን እንደሆነ ይታወቅ። በየጋሪው ፈረስ ቆዳ ላይ የምናየው ቢቼ የሚባለው ቁስል የሚመጣው ከፈንገስ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ደግሞ ከቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ አንዱንም አይገድልም። የሚገድለው የአንጀቱን ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱን የለመዱት ደግሞ ይተርፉና ከፋንድያው ጋር መንገዳችን ላይ ይወርዳሉ።

ለጉዞ ጥንቃቄ ካስፈለገ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ፈረስ በአይሱዙ ሲጫን አንገቱን ወደ ላይ አድርገው አሳጥረው ያስሩታል። ጭንቅላቱን ዝቅ ካላደረገ ከአፍንጫውና ከጉሮሮው የሚወርደውን ማጽዳት አይችልም፣ ሳንባው የሚታመመው ከዚህ የተነሣ ነው። ገመዱን አስረዝሙለት። መንገድ ላይ አቁሙና ውሃ ስጡት። የለመደውን ድርቆሽ አብራችሁ ጫኑ። ጉዞ፣ ረሃብና የመኖ ለውጥ ብቻቸውን አንጀቱን ያናውጡታል። በዚያ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን መጨመር ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው?

ነገሥታቱን በፈረሳቸው ስም ምኒልክን አባ ዳኛው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ያልን ሕዝብ ነን። የአባ ዳኛው ሐውልት ሥር የሚሰለፈው ፈረስ ግን መድኃኒቱን የሚወስንለት ባለሱቅ ሆኗል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመደርደሪያ እየወረደ የሚሸጥበት አሠራር ይቁም። የበዓል አዘጋጆችም ፈረሰኛ ሲጠሩ ሐኪምና የውሃ ገንዳ አብረው ያዘጋጁ።

ምክሩን ሰምታችሁ ቀድማችሁ ያስወጋችሁ ካላችሁ መርፌውን አትድገሙ። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ፋንድያውን ጠዋትና ማታ እዩ። ገብስ ቀንሱ፣ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ አይለየው። ፋንድያው ከላላ፣ መብላት ካቆመ ወይም ሰኮናው ከጋለ ‹‹ነገ ይሻለዋል›› አትበሉ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥሩ፣ ምን መድኃኒት መቼ እንደተወጋም ሳትደብቁ ንገሩት።