ያቺ አንዲት ነጥብ

አሁንስ በቃኝ! የሳንቲም ጥራት መርምረው እስከ 70 ነጥብ የሚሰጡት ሰዎች ዛሬም 69 ብለው መለሱልኝ። ያንኑ የመታሰቢያ ወርቅ ሳንቲም፣ ለሦስተኛ ጊዜ! ምን እንደጎደለው አንዲት ቃል የለም፣ ቁጥር ብቻ። ማታ መብራት ስር እያዘነበልኩ በአጉሊ መነጽር ስፈልግ አመሸሁ፣ በምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ሜዳ እንደ መስታወት ፊቴን ያሳየኛል፣ ምስሉ ውርጭ የመታው ይመስል ነጭ ብሏል፣ ጭረት የለ የጣት አሻራ የለ። ታዲያ የቱ ጋ ነው ጉድለቱ?

70 ማለት በ5 እጥፍ ማጉያ ሲያዩት ከተመታ በኋላ የመጣ እንከን የሌለበት ማለት ነው። እሺ፣ እንከኑን አሳዩኛ! ዛሬ 69 ያሉትን ሌላ ቀን 70 ይሉታል እኮ፣ ለዛ አይደል ሰው ሳንቲሙን እነሱ ካሸጉበት ፕላስቲክ ሰብሮ እያወጣ ደጋግሞ የሚልከው፣ በየዙሩ ክፍያ በየዙሩ ፖስታ በየዙሩ ኢንሹራንስ። መስበሩ ራሱ ያስፈራል፣ ንጹህ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ እጅህ አንዴ ካመለጠህ አለቀ፣ 68ም ላታገኝ ትችላለህ። ወርቁ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ዋጋው ግን በአንዲት ነጥብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል!

ደግሞ ይሄ እስከ 70 የሚቆጥር ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1949 የሳንቲም አጥኚው ዊልያም ሼልደን ሲያወጣው ለድሮ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር፣ እንዲህ ለሚያብረቀርቅ ፕሩፍ፣ ማለትም ለሰብሳቢ ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ ለሚመታ ሳንቲም፣ ማን አሰበው?

እኔ ውጤቱን ቀይሩልኝ አላልኩም። ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ይሄን ያህል ከበዳቸው?