ካንሰር ሴልን ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ክኒን፦ የት ድረስ ያስኬደናል?

ደጋፊ፦ የተበላሸ ሴል ራሱን የሚያጠፋበት መንገድ አለው፤ አፖፕቶሲስ ይባላል። ብዙ ካንሰር የሚተርፈው ይህን መንገድ ዘግቶ ነው። ቢሲኤል-2 የሚባለው ፕሮቲን ሴልን ከሞት እንደሚያስጥል የታወቀው በ1988 ነው። ፕሮቲኑ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ የሞት መልእክት ይዘው የሚመጡትን ፕሮቲኖች እዚያ ጨምድዶ ያስቀራቸዋል። ቬኔቶክላክስ የሚባለው ክኒን ያንን ቦታ ሲይዝበት የታሰሩት ይለቀቃሉ፣ ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው የማይቶኮንድሪያ ሽፋን ይበሳል፣ ሴሉ አለቀለት። 2016 ላይ አሜሪካ ውስጥ ለደም ካንሰር ጸደቀ። ታዲያ ለሌሎች ካንሰሮችም በዚሁ መንገድ የማንሄደው ለምንድን ነው?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የደም ካንሰር ላይ የተገኘውን ድል ለሁሉም አታድርገው። ብዙ ጠጣር ዕጢ የሚተማመነው የቢሲኤል-2 ዘመዶች በሆኑት በቢሲኤል-ኤክስኤል እና በኤምሲኤል-1 ነው። ከቬኔቶክላክስ በፊት የተሞከረው ናቪቶክላክስ የሚባል መድኃኒት ቢሲኤል-ኤክስኤልን ሲይዝ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ወረደ፣ ምክንያቱም ፕሌትሌትም በሕይወት የሚቆየው በሱ ነው። ኤምሲኤል-1ን የሚያግዱት ደግሞ ሙከራ ላይ የልብ ጉዳት ምልክት አሳይተዋል። ጤነኛው ሴልም እኮ በነዚሁ ፕሮቲኖች ነው የሚኖረው!

ደጋፊ፦ የናቪቶክላክስ ችግር ነው እኮ ቬኔቶክላክስን የወለደው። ቢሲኤል-2 እና ቢሲኤል-ኤክስኤል ጎድጓዳቸው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም በፕሮቲን መገንቢያው፣ ይለያያሉ፦ ቢሲኤል-2 አስፓርቲክ አሲድ አለው፣ ቢሲኤል-ኤክስኤል ግሉታሚክ አሲድ። ልዩነቱ አንዲት ካርቦን ናት። ኬሚስቶቹ ሞለኪውሉን አስፓርቲክ አሲዱን እንዲጨብጥ አድርገው ሠሩት፣ ፕሌትሌቱም ተረፈ። አሁን ደግሞ ቢሲኤል-ኤክስኤልን ከማገድ ይልቅ በሴሉ የራሱ ማስወገጃ የሚያስፈጩ ሞለኪውሎች አሉ። ለዚህ የሚጠቀሙበት ቪኤችኤል የተባለ ፕሮቲን ፕሌትሌት ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ ፕሌትሌቱን ብዙም አይነኩትም። እኔ ይሄን ሳይ ተስፋ አልቆርጥም።

ተቃዋሚ፦ ሞለኪውሉ ያምራል፣ አልካድኩም። በሽተኛው ጋ ስንመጣስ? ብዙ ሴል ባንዴ ሲሞት ፖታሲየምና ፎስፌት ደም ውስጥ ይጎርፋል፣ ዩሪክ አሲድ ይወጣል፣ ኩላሊት አይችለውም። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሰው ሞቶበታል። ዛሬ ሲኤልኤል ለሚባለው የደም ካንሰር ታማሚ በ20 ሚሊግራም ተጀምሮ በአምስት ሳምንት ወደ 400 የሚወጣው ለዚህ ነው። ማይሎማ በሚባለው የመቅኒ ካንሰር ላይ በተደረገ ሙከራማ ቬኔቶክላክስ ሲጨመር በሽታው ዘገየ፣ የሞቱት ሰዎች ግን በዙ፤ 2019 ላይ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ደጋፊ፦ እዚያው ሙከራ ውስጥ እኮ ክሮሞዞም 11 እና 14 የተለዋወጡባቸው ታማሚዎች በሽታቸው ለረጅም ጊዜ ሳይባባስ ቆይቷል። ጥፋቱ መድኃኒቱን ሳይመርጡ መስጠት ነው። ዕጢው በየትኛው ፕሮቲን እንደሚኖር አስቀድሞ ይለካ።

ተቃዋሚ፦ በዚህስ ተስማማን። ግን ልኬቱ ከሞለኪውሉ እኩል ይሠራ፣ ገንዘቡም እኩል ይመደብለት። እስካሁን ሞለኪውሉ ይቀድማል፣ ማን እንደሚጠቀምበት የሚጠየቀው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።