ውዳሴ ለሬንደር

በመሀል አዲስ አበባ የሚማር የሥነ ሕንፃ ተማሪ ለመጨረሻው ግምገማ ሲሰናዳ ያየ ሰው፣ ከተማችን በምን ጥበብ እንደምትገነባ በሚገባ ይረዳል። ተማሪው ሌሊቶቹን ያለ እንቅልፍ የሚያነጋው ለፕላን (ለወለሉ ንድፍ) ወይም ለሴክሽን (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ውስጡን ለሚያሳየው ንድፍ) አይደለም፤ እነርሱ በዋዜማው፣ ቡና እየተፈላ፣ በጓደኛ እርዳታ ይደርሳሉ። ድካሙ ሁሉ የሚውለው ለሬንደሩ፣ ማለትም ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ለሚያሳየው የኮምፒውተር ምስል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ሕንፃ ከሩቅ የሚታይ እንጂ ሰው የሚውልበት ነገር አይደለምና።

በሬንደሩ ውስጥ ለገሃር ያለወትሮው ጸጥ ብሏል። ሚኒባስ የለም፤ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል ረዳት አይሰማም፤ ሊስትሮውና ሎተሪ አዟሪውም ወዴት እንደሄዱ አይታወቅም። በምትካቸው ፀጉራቸው ወርቃማ የሆነ እንግዶች ውሻ እየጎተቱ ይንሸራሸራሉ። ግምገማው በሰኔ ዝናብ ላይ ቢውል እንኳን ሰማዩ ጠርቷል፣ ጭቃ የሚባል ነገርም አልተፈጠረም። (ዛፎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ አንዱን ተማሪ ብጠይቀው «ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡ ናቸው» አለኝ። የአገር ጽድማ ማን ያየዋል?)

ከሁሉ የሚደነቀው ግን መስታወቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይም ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ ጥላ ያልተበጀለትን መስታወት አልፋ ክፍሉን ታግለዋለች፤ ስለዚህም የሕንፃን ረጅም ፊት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር ጀማሪ የሚማረው ነገር ነው። ይህን ተምሮ፣ በመጨረሻው ዓመት የምዕራቡን ፊት ከላይ እስከ ታች መስታወት የሚያለብስ ተማሪ ከትምህርት በላይ መድረሱን አስመስክሯል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ሲሠሩ፣ ብርሃኑን ውስጥ ለሚቆመው ሰው ማሰባቸው ይቅር ሊባል ይገባል፤ ያኔ ሬንደር አልነበረም።

ከገምጋሚዎቹ መካከል አንድ የድሮ ሰው አይጠፋም። «ይህ ግድግዳ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ምን ይሆናል? የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃውስ የት አለ?» ይላል። ተማሪው ግን ሳይደነግጥ «የፕሮጀክቱ ኮንሰፕት ግልጽነት ነው» ብሎ ይመልሳል። ደረጃው ግልጽ ባይሆንም፣ የተቀሩት ገምጋሚዎች ግድግዳውን የሞላውን ትልቅ ምስል እያዩ ራሳቸውን በአድናቆት ይነቀንቃሉ።

ተማሪው ይህን ሁሉ ከራሱ አላመጣውም፤ እኛው ነን ያስተማርነው። የግንባታ ቦታው ቆርቆሮ አጥር ላይ የተለጠፈውን ምስል ባየን ቁጥር ቆመን «ዱባይን አስናቀ!» እያልን በስልክ ፎቶ የምናነሳ፣ የምንቀባበልም እኛው ነን፤ ውስጡ እንዴት ይሆን ብሎ የጠየቀ እንደ ምቀኛ ይቆጠራል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ምስጋና ቢስ ተከራይ አይጠፋም፤ ገና በገባ በሳምንቱ በዚያ ውድ መስታወት ላይ ጋዜጣ ይለጥፋል፣ መጋረጃ ይደርባል፣ ቬንትሌተር ይገዛል። ውበት ስላልገባው ነው። የሕንፃው ባለቤት ግን ውበት የገባቸው ሰው ስለሆኑ መስታወቱን አንድም ቀን ሸፍነውት አያውቁም፤ የእርሳቸው ቢሮ በሰሜን በኩል ነው።